ፍሬኑ ጠነከረ፣ ሞተሩ ግን አልቆመም

የሚያዝያ ቅዳሜ ነበር። የአምስት ዓመት ልጃችንን ደሴ እናቴና አባቴ ጋ ትተን፣ ባለቤቴን ከኋላ አፈናጥጬ፣ ኮምቦልቻ ወደሚደገስ የዘመድ ሠርግ እየወረድን ነው። እሷ ለሠርጉ የተሠራችውን ፀጉር ሄልሜቱ እንዳይጨፈልቅባት በሻሽ ጠቅልላዋለች። ቀሚሷን በፌስታል አድርጋ በእኔና በእሷ መሀል አቅፋዋለች። የሐረጎን የመጀመሪያ ኩርባዎች ስናልፍ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ የፊት ፍሬኑ እጀታ መለሳለስ ጀመረ። መጀመሪያ እጄ ደክሞ ነው አልኩ። በሚቀጥለው ኩርባ ግማሽ መንገድ ድረስ ገባ። ከዚያ ቀጥሎ ከፊቴ የነበረ ጭነት የያዘ አይሱዙ ድንገት ፍጥነቱን ሲቀንስ እጀታውን ሳብኩት፤ እንደ ለጋ ቅቤ መጣ፣ መጣ፣ ከመሪው ጋር ተጋጠመ። ሞተሩ አልቆመም።

የኋላውን ፍሬን ረገጥኩ፤ ማርሽ አስገባሁ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ከአስፋልቱ ወጥቼ ጠጠሩ ላይ እየተንገራገጭኩ ቆምኩ። አይሱዙው ምንም ሳያውቅ መንገዱን ቀጠለ።

"ምን ሆነ?" አለችኝ ባለቤቴ።

"ጎማው የተነፈሰ መስሎኝ ነው።"

ወረደችና ጎማውን አየችው። ጎማው ደህና ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አሸተተች። የተቃጠለ ሽታ ነበረ። በእጇ የያዘችውን ሃይላንድ ከፈተችና በክዳኑ ትንሽ ውሃ አድርጋ የፊት ዲስኩ ላይ ጠብ አደረገችው። "ቺስ" ብሎ ተነነ።

"ጎማ እንዲህ ያጨሳል እንዴ?" አለችኝ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆምን። ዲስኩ ሲቀዘቅዝ እጀታው ተመልሶ ጠንከር አለ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተመለሰ። ቀስ ብለን ወረድን፣ ሠርጉንም በላን። ማታ ግን ባለቤቴ "እኔ በዶልፊን እሄዳለሁ" ብላ ከእህቷ ጋር ተሳፈረች። ቤት ስደርስ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፦ "ፍሬኑ እስኪሠራ እኔ አልወጣበትም። ልጄንም ጠዋት ጠዋት በዚህ ሞተር ትምህርት ቤት አታደርሰውም።" ልጃችንን ከፊት አስቀምጬ መዋዕለ ሕፃናት ማድረስ የቀኔ ምርጥ አሥር ደቂቃ ነበር። ትክክል መሆኗ አልጠፋኝም፤ ግን ከፋኝ።

ደሴን ለማያውቅ አንባቢ ስለ መንገዱ ትንሽ ልበል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በሁለቱ መካከል 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ አለ። ጠዋት ደሴ ላይ ጃኬትና ጓንት አድርጎ የተነሳ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ሸሚዙን ይጠቀልላል። እኔ ኑሮዬ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ይህን ቁልቁለት በሳምንት አምስት ቀን እወርደዋለሁ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ፊዚክስን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ አላየሁትም። ጓደኛዬ ግን የፊዚክስ መምህር ነው፤ የሆነውን ስነግረው ሶፍት ላይ አሰላልኝ። ሞተሩ፣ እኔና ባለቤቴ ተደምረን ወደ 280 ኪሎ እንመዝናለን። ይህ ክብደት 650 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚለቀው ኃይል አምስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። "ከሁለት ሦስት ቤት ቡና ተጠርቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣበት ውሃ ነው" አለኝ እየሳቀ። ያ ኃይል የግድ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ጥቂቱን ንፋሱ ይወስደዋል፣ ጥቂቱን ኤንጂኑ ይይዘዋል፤ የቀረው ከሳህን ብዙም የማይበልጥ አንድ የፊት ዲስክ ላይ ያርፋል።

ኤንጂኑ ስለሚይዘው ድርሻ ሲናገር ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ግዢው። ሞተሬ ህንድ ሠራሽ፣ 200 ሲሲ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚነዳ የስፖርት ሞተር ነው። ደሴ ውስጥ ከሚርመሰመሱት ቦክሰሮች አጠገብ ሲቆም ትንሽ ኩራት ይሰጣል፤ አልክድም። ፍሬኑ ከከዳኝ ማግስት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ ስለ ፍሬን ማየት ጀመርኩ። ያየሁት ሁሉ ወደ አንድ ዕቃ መራኝ፤ ጋራዥ ውስጥ ብዙዎች የፍሬን ፓምፕ፣ አንዳንዶች ማስተር የሚሉት፣ መሪው ላይ ካለው እጀታ ሥር የተሰካው ትንሽ ሲሊንደር። እጀታውን ስንስብ ውስጡ ያለው ፒስተን የፍሬን ዘይቱን ይገፋዋል፤ ዘይቱ በቱቦ ወርዶ ጎማው ላይ ያለውን ካሊፐር ይገፋል፤ ካሊፐሩ ሸራውን ዲስኩ ላይ ያጣብቃል። በተለመደው ፓምፕ ፒስተኑ ከመሪው ጎን ለጎን የተኛ ነው፤ የእጃችን ኃይል አቅጣጫ ቀይሮ ነው የሚገፋው። ራዲያል በሚባለው ግን ፒስተኑ እጃችን በሚስብበት አቅጣጫ ተቀምጧል፤ በዚህም ጣታችን ፍሬኑን በደንብ ይሰማዋል። የውድድር ሞተሮች የሚጠቀሙት ይህን ነው። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ብሬምቦ ጣሊያን አገር፣ ቤርጋሞ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተ ነው። የእኛንም መንገድ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት። ጋራዥ ስትገቡ ዛሬም ከመነዳሪ፣ ጎሚኒ፣ ጎሚስታ ሲባል ትሰማላችሁ። መንገዱንም፣ የመካኒኩንም ቋንቋ፣ አሁን ደግሞ የእኔን ምኞት ከአንድ አገር አመጣን ማለት ነው።

የገዛሁት ግን ያን አልነበረም። ያ የእኔን ደመወዝ አያውቀውም። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ አፈላልጎ በአውቶቡስ የላከልኝ ስሙን የማላውቀው ራዲያል ፓምፕ ነበር፤ ጥቁር፣ እጀታው የሚታጠፍ፣ ቀይ ጠመዝማዛ ማስተካከያ ያለው። ጎኑ ላይ "19" ተጽፏል። የፒስተኑ ስፋት በሚሊ ሜትር ማለት ነው። የእኔ የፋብሪካው ፓምፕ 12.7 ነበር። ከ12.7 እና ከ19 የቱ ይበልጣል? ይህን ለመመለስ ዲግሪ አያስፈልግም፤ እኔም አንዴ እንኳ ቆም ብዬ አልጠየቅኩም። ሥራዬ ሰው ትልቅ ቁጥር ሲያይ ምን እንደሚሰማው ማወቅ ነው። ካርቶኑን ስከፍት የተሰማኝ እሱው ነው።

እሑድ ግቢ ውስጥ ራሴ ገጠምኩት። አንድ ሰፈራችን ያለ የሞተር ልጅ ረዳኝ። ዘይት ሞላን፣ አየር አስወጣን፣ እጀታውን ሳብኩት። ድንጋይ! ያ ቅቤ የሆነ ነገር ጠፍቶ እጀታው ገና ከመነሻው "በቃህ" ይላል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ባለቤቴን ጠርቼ "እስቲ ሳቢው" አልኳት። ሳበችው። "ጠንካራ ነው" አለች። "አየሽ?" አልኳት። የዕቃ ጥራት በእጅ ይታወቃል ብዬ ልቤ ሞላ።

ሰኞ ጠዋት ብቻዬን ወረድኩ። ፍሬኑን እየፈራሁ ስለነበር በዝግታ ነው የወረድኩት፤ ሐረጎን በሰላም አለፍኩ። ኮምቦልቻ ገብቼ ሜዳው ላይ ነው አንድ ባጃጅ ከፊቴ ሳያሳይ የዞረው። እጀታውን በሁለት ጣት ሳብኩ። ምንም። በአራት ጣት ሳብኩ። ያ ድንጋይ የሆነ እጀታ ድንጋይነቱን አልለቀቀም፤ ሞተሩ ደግሞ መሄዱን አልተወም። ክርኔ እስኪንቀጠቀጥ ጨመቅሁት። የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፤ የፊቱ ጎማ የባጃጁን የኋላ መከላከያ ነክቶ ቆመ። ነካ ብቻ ነው፤ ጭረት እንኳ አልነበረም። ሾፌሩ ወርዶ ጎማዬን፣ ከዚያ እኔን አየና "ወንድም ጋሼ፣ ፍሬን የለህም እንዴ?" አለኝ። ቀይ ማስተካከያው በፀሐዩ ያብረቀርቃል።

የዚያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሞተሩን እየገፋሁ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ባለቤቱ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ፓምፑን ዓይተው ምንም አላሉም። ካሊፐሩን አዩት፤ ዲስኩን አዩት።

"ይህ ስንት ዲስክ ላለው ሞተር የተሠራ ነው?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"ፊት ለፊት ሁለት ዲስክ ላለው ትልቅ ሞተር ነው። ያንተ አንድ ዲስክ፣ ባለ ሁለት ፒስተን ካሊፐር ነው።"

ከዚያ ከመሳቢያ ሁለት የሐኪም ስሪንጅ አወጡ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። በቀጭን ቱቦ አገናኟቸው፣ ውሃ ሞሉ። ወፍራሙን ለእኔ ሰጡኝ፣ ቀጭኑን እሳቸው ያዙ። "ግፋ" አሉኝ። ገፋሁ። እሳቸው በአንድ አውራ ጣት ቀጭኑን ይዘው አላንቀሳቅሰው አሉኝ። ተቀያየርን። አሁን እኔ ቀጭኑን ስገፋ የእሳቸው ወፍራም ስሪንጅ ያለ ችግር ወደ ኋላ ሄደ፤ የእኔ አውራ ጣት ግን ረጅም መንገድ መጓዝ ነበረበት። "ይኸው ነው" አሉ። "ቀጭን ፓምፕ ረጅም ይሳባል፣ ኃይለኛ ይጨምቃል። ወፍራም ፓምፕ አጭር ይሳባል፣ ለእጅህ ጠንካራ ይመስልሃል፤ ለዲስኩ ግን ደካማ ነው።"

ማታ ቤት ገብቼ በካልኩሌተር ሠራሁት። የፒስተን ስፋት ሲነጻጸር የሚቆጠረው ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። 12.7 በ12.7 ወደ 161 ነው፤ 19 በ19 ደግሞ 361። አዲሱ ፒስተን ከድሮው ከሁለት እጥፍ በላይ ፊት አለው። እጄ የምትሰጠው ያው ኃይል ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነ ቦታ ላይ ስለሚበተን፣ ቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከግማሽ በታች ይወርዳል። የእጀታው አሠራር የተወሰነውን ይክሳል፤ ሁሉንም ግን አይክስም። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው የፓስካል ሕግ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ሳለን ለፈተና አጥንተነዋል። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ እጄ ላይ ያለው ነገር እሱ መሆኑን ግን አላወቅኩም ነበር።

"ታዲያ የድሮው ለምን ከዳኝ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

የድሮውን ፓምፕ በፌስታል ይዤ ነበር። ፈቱት። የዘይት ማጠራቀሚያው ሥር የቀረው ዘይት የቡና አተላ ይመስላል። "ይህ መቼ ነው የተቀየረ?" አሉኝ። ሞተሩን ከገዛሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ የኤንጂን ዘይት በየጊዜው እቀይራለሁ፤ የፍሬን ዘይት ግን ሲጎድል ከመጨመር ውጭ ነክቼው አላውቅም። የፍሬን ዘይት የሚቀየር ነገር መሆኑን ራሱ አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር ሞተር ላለው ብቻ ሳይሆን መኪና ላለው ቤተሰብ ሁሉ ነው። አብዛኞቹ ሞተሮችና መኪኖች የሚጠቀሙበት ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ውሃ ይወዳል። ከአየር ላይ እርጥበት ቀስ በቀስ ይጠጣል፤ በጎማው ቱቦ በኩል ሳይቀር። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ውሃ ሲጠጣ ግን ይህ ቁጥር ወደ 155 ይወርዳል፤ ለዚህ ደግሞ ከመቶ አራት እጅ እንኳ የማይሞላ ውሃ ይበቃል። ቁልቁለት ላይ ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ካሊፐሩ ያልፋል፣ ውሃ የጠጣው ዘይት ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እጀታውን ስትስቡ ዲስኩን መግፋቱ ቀርቶ እንፋሎቱን እየጨመቃችሁ ነው። ለዚህ ነው እንደ ቅቤ የሚገባው፤ ለዚህ ነው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ንጹሕ ሆኖ የሚመለሰው። አምራቾች ብዙውን ጊዜ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ ይላሉ። የተከፈተ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ዓመት ማዋልም አይሆንም፤ እዚያው ቁጭ ብሎ እርጥበት ይጠጣል። ደግሞ ቀለም ይልጣል። የእኔ ታንከር ላይ ያለችው የሳንቲም ያህል ነጭ ምልክት የዚያ የእሑድ ሥራዬ ማስታወሻ ነች።

የድሮው ፓምፕ ውስጡን ውሃው በልቶት ነበር፤ ጎሚኒው ተሰንጥቋል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ በዝገት ተነቁሯል። ስለዚህ ፓምፕ መቀየሩ ራሱ ስህተት አልነበረም። መካኒኩ ከተጋጨ የጃፓን ሞተር ላይ የወጣ፣ ለአንድ ዲስክ የተሠራ፣ 14 ሚሊ ሜትር ፓምፕ ነበራቸው። ጎሚኒውን በአዲስ ቀየሩ። ከ12.7 ጋር ሲነጻጸር ሃያ በመቶ ያህል ነው ልዩነቱ፤ እጀታው ትንሽ ጠንከር፣ አሳሳቡ ትንሽ አጠር ይላል፤ ጣት ትንሽ ይጨምራል፤ ሞተሩ ግን ይቆማል። የጎማ ቱቦውንም አውጥተው ውጩ በብረት ሽቦ በተጠለፈ ቱቦ ተኩት። የጎማው ቱቦ ሲያረጅ በግፊቱ ይነፋል፤ ከእጅ ኃይል የተወሰነውን ቱቦው ይበላዋል ማለት ነው። ለቱቦው ማሰሪያ አዳዲስ የመዳብ ቀለበቶች አደረጉ። "አሮጌውን አትመልስ፤ አንዴ የተጨፈለቀ ሁለተኛ አይገጥምም" አሉኝ።

አየር ማስወጣቱ ከሁሉም ረዘመ። ካሊፐሩ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ቡሎን ላይ ቀጭን ላስቲክ ሰኩና ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት። እኔ እጀታውን እስባለሁ፣ ይዤ እቆያለሁ፤ እሳቸው ቡሎኑን ይከፍታሉ፣ አረፋው ይወጣል፣ ይዘጋሉ፤ ከዚያ ብቻ እለቃለሁ። ሳይዘጋ ከለቀቅሁ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ እየሞላን አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። በመጨረሻም እጀታውን ከመሪው ጋር በከመነዳሪ ቁራጭ ጥፍር አድርገው አሠሩትና "እንዲህ ይደር፤ የቀረች አረፋ ካለች ሌሊት ወደ ላይ ትወጣለች" አሉኝ። ሞተሩ እዚያው አደረ። እኔ በዶልፊን ደሴ ወጣሁ።

አባቴ ጋ የገባሁት ልጄን ልወስድ ነው። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ፊያት 682 ኤን ትሬ ከነተሳቢው ይዞ ከአሰብ ባቲን፣ ኮምቦልቻን አልፎ ደሴ ሲገባ ነው እኛ ያደግነው። አሰብ ከተዘጋብን ከ1990 ዓ.ም. በኋላ መኪና አልያዘም፤ ግን እስከ ዛሬ ተሳፋሪ ሆኖ ሲሄድ ቁልቁለት ላይ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ስሪንጁን፣ ዘይቱን፣ 19ኙን። በጥሞና ሰማኝ። ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

"በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወርደው?"

ዝም አልኩ።

"በፎሌ ነው" አለ። ጥያቄ አልነበረም።

አዎ፣ በፎሌ ነበር። ነዳጅ ሲወደድ የተማርኩት ዘዴ ነው። ከደሴ ስወጣ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን አወጣና ሞተሩ በራሱ ክብደት ይንደረደራል፤ እኔ በፍሬን ብቻ እየያዝኩ እወርዳለሁ። በወር የምቆጥበውን ብር ጭምር አስልቼ አውቀው ነበር። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለፊዚክስ መምህሩም፣ ለመካኒኩም አልነገርኳቸውም። ኤንጂኑ ሊይዘው የሚገባውን ድርሻ ጭምር ያ አንድ ዲስክ ላይ ስጭን ነበር። በዚያ ላይ የሦስት ዓመት ዘይት፣ በዚያ ላይ ሁለት ሰው።

አባቴ አልተቆጣኝም። "እኛ በወጣንበት ማርሽ ነበር የምንወርደው" አለ። "በአራተኛ ካልወጣኸው በአራተኛ አትወርደውም። ፍሬን ለማቆሚያ ነው፤ አርባ ኩንታል ይሁን አራት መቶ፣ በፍሬን የወረደ ሾፌር ረዳቱን ታኮ አስይዞ ያስሮጠዋል።" ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ "አባትህ አዋቂ ነው፤ ፍሬን ለመቀየር ፍሬን የማያስፈልገውን ማርሽ አወጣ" አለው። ልጁ ሳቀ። ምን እንደሳቀ ግን አያውቅም።

ለባለቤቴ መንገር ከአባቴ ይከብድ ነበር። "ጎማው ነው" ያልኩት ውሸት ራሱን የቻለ ነገር ሆኖ መሀላችን ተቀምጧል። እራት ላይ ነገርኳት፦ ጎማው እንዳልነበረ፣ ፎሌውን፣ ያጠራቀምኩትን ብር፣ ባጃጁን። ስለ ባጃጁ ስሰማ ትጮሃለች ብዬ ነበር። የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው፦ "ልጁን ይዘህስ በፎሌ ወርደህ ታውቃለህ?" ደሴ ከተማ ውስጥም ቁልቁለት አለ። "አዎ" አልኳት። ተነስታ ሳህኑን አነሳች። የዚያን ሳምንት ብዙ አልተነጋገርንም።

ልጃችን አሁን በእግሩ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። ጠዋት እጁን ይዤ አደርሰዋለሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ያ 19 ፓምፕ መጽሐፍ መደርደሪያችን ላይ ተቀምጧል፤ ልጁ ቀይዋን ጠመዝማዛ እያዞረ ይጫወትበታል። አንድ የሰፈር ወጣት ሊገዛኝ መጥቶ ነበር፤ ሞተሩ እንደ እኔው ባለ አንድ ዲስክ ነው። ካርቶኑን ሲያይ ዓይኑ እንዴት እንደበራ አየሁ፤ ያን ብርሃን አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ለምን እንደማይሆነው ነገርኩት፤ ሁለቱን ስሪንጅ ጭምር አመጣሁ። ዋጋ ላለመቀነስ የማደርገው መስሎት ይሁን አላውቅም፣ ተከፍቶ ሄደ።

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ "እስቲ ልሞክረው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ወረድን፤ ኤንጂኑ መንገዱን ሁሉ እያጉረመረመ። ከኋላችን ያሉ ሚኒባሶች ጥሩምባ እየነፉ አለፉን። ፈጥኛለሁ ብላ ስታስብ ትከሻዬን ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች፤ ተስማምተንበታል። ሐረጎ ላይ ስድስት ጊዜ መታችኝ። የዚያን ጊዜ የቆምንበት ጠጠር ጋ ስንደርስ "አቁም" አለችኝ። በሁለት ጣት ሳብኩት፤ ቆመ።

ወረደች። ሃይላንዱን ከፈተች፤ በክዳኑ ትንሽ ውሃ አድርጋ የፊት ዲስኩ ላይ ጠብ አደረገችው። ውሃው ዝም ብሎ ቁልቁል ወረደ። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ክዳኑን እንደገና ሞላችና ወደ ኋላው ጎማ ዞራ ጎንበስ አለች።

"የዚህኛውስ ዘይት መቼ ነው የተቀየረው?"